ቆላ የሚወርድ ደገኛም መንገደኛ ነው

«ወደ ሞቃታማው የምድር ክፍል ለሚጓዙ» በሚል ርዕስ የሚዘጋጁ የጤና መመሪያዎችን ስናነብ፣ መንገደኛው ማን እንደሆነ ለመገመት አንቸገርም። ከአውሮፓ ወይም ከሰሜን አሜሪካ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ያልለመደውን አየርና ያልለመደውን በሽታ ሊጋፈጥ የመጣ እንግዳ ነው። እኛ ደግሞ የአገሩ ባለቤቶች ነን። ስለዚህም መመሪያውን በእንግዳ ዐይን አይተን እናልፈዋለን። ስለ አጎበር፣ ስለ ቅባት፣ ስለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ የተጻፈው ሁሉ ለ«ፈረንጅ» የተጻፈ ይመስለናል።

ይህ ግን ስሕተት ነው። እንደሚታወቀው አገራችን ከሰሜን ኬክሮስ 3 ዲግሪ እስከ 15 ዲግሪ ገደማ የምትገኝ በመሆኗ ሙሉ በሙሉ በሞቃታማው መቀነት ውስጥ ናት። ይሁን እንጂ ከፍታዋ ሁለት ዓለም አድርጓታል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነው በአዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ወጣት፣ በአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት አርባ ምንጭ ይወርዳል። ጋምቤላ ሲደርስ ከፍታው 500 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህ ወጣት ቋንቋውንና ምግቡን ያውቅ ይሆናል፤ ደሙ ግን አገሩን አያውቀውም። የወባን ጥገኛ ተህዋስ አይቶ ለማያውቅ ሰውነት፣ ከለንደን የመጣውም ሆነ ከደብረ ብርሃን የወረደው ሰው አንድ ናቸው። ሁለቱም መንገደኞች ናቸው። ልዩነታቸው አንደኛው መመሪያ ይዞ መምጣቱ፣ ሌላው ባዶ እጁን መምጣቱ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ባዶ እጅ መሄድ ነው። በየዓመቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ደገኛ ተማሪዎች ወደ ቆላማ ከተሞች ዩኒቨርሲቲዎች ይመደባሉ። ሌሎች ለመስክ ልምምድ፣ ለምርምር፣ ዘመድ ለመጠየቅ ወይም በመኸር ወቅት ለቀን ሥራ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ይወርዳሉ። ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ ሳሙናና ቆሎ ይዘው ይነሣሉ። አጎበር ይዞ የሚነሣ ግን ከስንት አንድ ነው።

ትንኝ ልናጠና ሄደን

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥቂት የባዮሎጂ ተማሪዎች ሆነን ለመስክ ጥናት ወደ አንድ ቆላማ ወረዳ ወርደን ነበር። ሥራችን የወባ ትንኝ እጮችን ከያቆረ ውሃ እየቀዳን መቁጠርና መለየት ነበር። ቀኑን ሙሉ ከከብት ኮቴ ጉድጓድ፣ ከመስኖ ቦይ ዳርቻ፣ ከጡብ መሥሪያ ጎድጓዳ ስፍራ በረጅም እጀታ ጭልፋ ውሃ እየቀዳን እጮቹን ስንለይ እንውላለን። ከውሃው ወለል ጋር ትይዩ ሆኖ የሚንሳፈፈው የአኖፌለስ፣ ራሱን ቁልቁል ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የሌላ ዝርያ መሆኑን እርስ በርሳችን እንጠያየቃለን። ዕውቀቱ አልጎደለንም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ሙቀቱ ስለሚከብደን ቁምጣና እጅ ጉርድ ካናቴራ ለብሰን ከደጅ እንቀመጣለን። እራት እስኪደርስ፣ ከእራትም በኋላ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ስንጫወት እናመሻለን። ቁርጭምጭሚታችንን እያከክን እንሥቃለን። የያዝነው አጎበር ከሰዎቹ ቁጥር ያነሰ ነበር፤ ያለውንም «ይሞቃል» ብለን ያልሰቀልን ነበርን።

ወደ አዲስ አበባ በተመለስን በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አንደኛው ጓደኛችን አንቀጠቀጠው። በሄደበት ክሊኒክ «ብርድ ነው» ተብሎ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት ተመለሰ። ቆላ ወርዶ እንደነበር የጠየቀው አልነበረም፤ እርሱም አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን ሌላ ቦታ ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው የወባ ዝርያ ተገኘበት። አልጋ ይዞ ከታከመ በኋላ ዳነ። ሁለት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ግን ዛሬም ስናስበው ያሳፍረናል። ያስፈራናል ሳይሆን ያሳፍረናል ማለታችን ሆን ብለን ነው። ትንኟን ልናጠና ሄደን ትንኟ ናት እኛን ያጠናችን።

ዕውቀት በደብተር ላይ ሲቀርና ወደ ልብስ፣ ወደ መኝታ፣ ወደ ምሽት ጨዋታ ሳይገባ ሲቀር ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

እንዴት ታገኘናለች?

ደም የምትመጠው ሴቷ ትንኝ ብቻ መሆኗን ብዙ አንባቢያን ያውቃሉ። ወንዱ በአበባ ማርና በእፅዋት ፈሳሽ ብቻ ይኖራል። ሴቷም ብትሆን ለጉልበቷ የሚያስፈልጋትን ከዚያው ታገኛለች፤ ደም የሚያስፈልጋት እንቁላሏን ለማብሰል ፕሮቲን ስለምትሻ ነው። ስለዚህ የምትነክሰን ለራሷ ምግብ ሳይሆን ለልጆቿ ቀለብ ፍለጋ ነው ማለት ይቻላል።

አነፍናፊነቷም የሚያስደንቅ ነው። ከሩቅ የሚመራት የምናስወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ነው። እየቀረበች ስትመጣ በላባችን ውስጥ ያለው የላክቲክ አሲድ ሽታና በቆዳችን ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚፈጥሩት ጠረን አቅጣጫ ይሰጣታል። በመጨረሻም የሰውነታችን ሙቀትና እርጥበት የምታርፍበትን ቦታ ይነግራታል። ከሰው ሰው የምትመርጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። «ደምህ ጣፋጭ ነው» የሚለው የሕዝብ አባባል በሳይንስ ቋንቋ «የቆዳህ ጠረን ይስባል» ተብሎ ቢስተካከል እውነትነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በቡርኪና ፋሶ የተደረገ ጥናት ደግሞ የአገሬውን ቢራ የጠጡ ሰዎች ውሃ ከጠጡት ይልቅ የወባ ትንኞችን ይበልጥ እንደሚስቡ አሳይቷል። በቆላ ምሽት ከደጅ ተቀምጦ ብርጭቆ የሚያነሣ ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

ትንኟ ስትነክስ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ምራቅ ታስገባለች። ተህዋሱን ይዛ ከሆነ ከምራቋ ጋር ወደ ሰውነት ይገባል። በግማሽ ሰዓት ጊዜ ውስጥም ጉበት ይደርሳል። በዚያ ተደብቆ ከተራባ በኋላ ወደ ደም ወጥቶ ቀይ የደም ሴሎችን መውረር ይጀምራል። ትኩሳቱና ብርድ ብርዱ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ከንክሻው እስከ ሕመሙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያልፋል። በአገራችን ከፋልሲፓረም ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ አንቀላፍቶ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ደገኛው መንገደኛ ሕመሙ የሚይዘው ቤቱ ከተመለሰ በኋላ የሚሆነው፣ ትንኟንም የሚረሳት በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍታ ይጠብቀን ነበር

በደጋ ወባ የማይኖረው ደገኛው ጠንካራ ስለሆነ አይደለም። ተህዋሱ በትንኟ ሆድ ውስጥ አድጎ ለመተላለፍ ሙቀት ይፈልጋል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ሲሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ሙቀቱ ሲቀንስ ዕድገቱ ይዘገያል። ከ16 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ፋልሲፓረም ዕድገቱን ያቋርጣል። ትንኟ የምትኖረው ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ነው። በብርድ አገር ተህዋሱ ለመንደርደር ሲዘጋጅ ተሸካሚዋ ትሞታለች። በመሆኑም በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ምድር የወባ ምድር ተብሎ ሲቆጠር ኖሯል።

ይህ ጥበቃ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በሽታው ዘወትር በሚገኝበት አካባቢ ተወልዶ ያደገ ሰው በተደጋጋሚ ተይዞ ከልጅነቱ የተረፈ እንደሆነ ከፊል የመከላከል አቅም ያዳብራል። ከከባድ ሕመም በመጠኑ ይጠበቃል እንጂ ጨርሶ አይድንም። ደገኛው ይህ የለውም። ባልተለመደ ዝናብና ሙቀት ምክንያት በሽታው ወደ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. በ1958 ታይቷል። በዚያ ዓመት በአገራችን በተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ወረርሽኙ ከ1,600 ሜትር በላይ ባሉ፣ ሕዝቡ በሽታውን ባልለመደባቸው ስፍራዎች የተስፋፋ ነበር።

በ1958 ወባ ወደ ሰው ወጣ፤ ዛሬ ሰው ወደ ወባ ይወርዳል። ለደሙ ግን ልዩነት የለውም። ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል።

አጎበር ያልሸፈናቸው ሰዓታት

ከትንኝ መጠበቂያዎች ሁሉ አጎበርን የሚስተካከል የለም። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2015 በአፍሪካ በቁጥጥር ሥራ ከተወገዱት የወባ ሕመሞች ውስጥ 68 በመቶ ያህሉ በፀረ ትንኝ ኬሚካል በተነከረ አጎበር ምክንያት መሆኑን ተመራማሪዎች አስልተዋል። የተነከረው አጎበር ሁለት ሥራ ይሠራል። መረቡ ያግዳታል፤ ኬሚካሉ ደግሞ ያረፈችበትን ትንኝ ይገድላል ወይም ያባርራል። ነገር ግን አጎበር ተሰቅሎ ጫፉ ከፍራሹ ሥር ካልተወሸቀ ከመጋረጃ አይለይም። ክንድ ወይም እግር ከመረቡ ጋር ተለጥፎ ከታደረም ትንኟ በመረቡ ቀዳዳ አሳልፋ ትነክሳለች። የተቀደደውን መስፋት፣ ሲታጠብ በለስላሳ ሳሙና አጥቦ በጥላ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ኬሚካሉን ታበላሸዋለችና።

ይሁን እንጂ አጎበር የሚጠብቀው ውስጡ ያለውን ሰው ብቻ ነው። በአገራችን ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ የምትባለው ናት። ይህች ትንኝ ሰውንም ከብትንም፣ ከቤት ውስጥም ከደጅም ትነክሳለች። እንቅስቃሴዋ የሚጀምረው ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ሲሆን እስከ ንጋት ይቀጥላል። ተማሪ ደግሞ በ12 ሰዓት አይተኛም። ከዛፍ ሥር ያነባል፣ ከካፌ ደጃፍ ሻይ ይጠጣል፣ በሜዳ ላይ ኳስ ያያል። ከምሽቱ 12 እስከ 4 ወይም 5 ሰዓት ያሉት እነዚህ ሰዓታት የአጎበር ሰዓታት አይደሉም። የእኛም ስሕተት የተፈጸመው በእነዚሁ ሰዓታት ነው።

ለእነዚህ ሰዓታት የሚበጀው ቀላል ነገር ነው። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ሰውነትን የሚሸፍን ረጅም ሱሪና ረጅም እጅጌ ያለው ሰፋ ያለ ልብስ፣ እንዲሁም ካልሲ መልበስ ይገባል። ጠባብ ልብስ አይበቃም፤ ትንኟ በስስ ጨርቅ ላይ አልፋ ትነክሳለችና። ጠቆር ያለ ቀለም ስለሚስባት ነጣ ያለውን መምረጥ ይሻላል። ፐርሜትሪን የተባለው ኬሚካል በልብስ ላይ ቢረጭ ጥበቃውን ያጠናክራል፤ ነገር ግን የልብስ እንጂ የቆዳ አይደለም። ያልተሸፈነ ቆዳ ትንኝ የሚያባርር ቅባት ይፈልጋል። ከእነዚህ ሁሉ በይበልጥ የተፈተነው እ.ኤ.አ. በ1946 ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የተሠራው ዲት የሚባለው ነው። በቅባቱ ውስጥ ያለው የዲት መጠን ከፍ ሲል የሚጨምረው የጥበቃው ርዝመት እንጂ ጥንካሬው አይደለም። ከ50 በመቶ በላይ መሆኑም ይህ ነው የሚባል ትርፍ የለውም። ከ20 እስከ 30 በመቶ ያለው ለአንድ ምሽት ይበቃል። ዐይንና አፍ፣ እንዲሁም ቁስል አይነካም። የፀሐይ መከላከያ ክሬም የሚቀባ ሰው አስቀድሞ ክሬሙን፣ ቀጥሎ ይህን ይቀባል። ማራገቢያ ካለም ይጠቅማል፤ ትንኝ ደካማ በራሪ ስለሆነች ነፋሱን አትቋቋምም፣ ጠረናችንንም ይበትንባታል።

ቀን የምትነክሰውና ከተማ የገባችው

ትንኝ የሌሊት ጠላት ብቻ ናት ብሎ ማሰብ ሌላው ስሕተት ነው። ኤደስ ኤጂፕታይ የምትባለው፣ እግሮቿ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር የሆኑት ትንኝ የምትነክሰው በቀን ነው። የምትራባውም በረግረግ ሳይሆን በቤታችን ደጃፍ፣ ባልተከደነ በርሜል፣ በአሮጌ ጎማ፣ በአበባ ማሰሮ ውስጥ ነው። እንቁላሏ ያለ ውሃ ለወራት ደርቆ ቆይቶ ዝናብ ሲነካው ይፈለፈላል። ይህች ትንኝ ደንጊን፣ ቺኩንጉንያንና ቢጫ ወባን ታስተላልፋለች። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ በወረርሽኝ መልክ ታይተዋል። ቢጫ ወባ በስሙ ወባ ይባል እንጂ በቫይረስ የሚመጣ ፈጽሞ ሌላ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ 30,000 ያህል ሰው እንደገደለ ተገምቷል። ክትባት ያለው በመሆኑ በሽታው ወደታየበት አካባቢ የሚሄድ ሰው ከጉዞው ቢያንስ ዐሥር ቀን አስቀድሞ መከተብ ይገባዋል።

«ከተማ ውስጥ ወባ የለም» የሚለውም መጽናኛ ተሸርሽሯል። ከደቡብ እስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው። ይህች ትንኝ እንደ ቀደሙት በዝናብ ኩሬ ብቻ የምትራባ አይደለችም። የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ የጣሪያ ታንከር፣ በርሜል ይበቃታል። ስለሆነም በበጋም፣ በከተማም ወባ ማስተላለፍ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በበጋ ወራት በተከሠተው ወረርሽኝ ላይ የተደረገው ጥናት ይህችው ትንኝ እጇ እንዳለበት አመልክቷል። ለአንባቢዎቻችን ልብ የሚያቀርበው ደግሞ ሕሙማኑ ከተገኙባቸው ስፍራዎች አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኝታ ሕንፃ መሆኑ ነው። በዚያው ጥናት ከተገኙት ተህዋስያን አንዳንዶቹ በፈጣን ምርመራ ከመታየት የሚያመልጡ ወይም መድኃኒትን ለመቋቋም የሚያስችል የዘር ለውጥ የያዙ ነበሩ።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

በዚህ ጉዳይ ስንነጋገር ከጓደኞቻችን የምንሰማቸው መልሶች አሉ። የመጀመሪያው «ወባ እኮ መድኃኒት አለው» የሚለው ነው። አዎን አለው፤ በጊዜ ከተደረሰበትም ያድናል። ነገር ግን ፋልሲፓረም በቀናት ውስጥ ወደ አንጎል ደርሶ ሰውን ራሱን ሊያስት ይችላል። ከላይ እንዳየነውም ምርመራውም መድኃኒቱም የማይበገሩ አጥሮች አይደሉም። መድኃኒት ሁለተኛው በር ነው፤ የመጀመሪያው በር ተከፍቶ የሚታደርበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው «የአገሩ ሰው ያለ አጎበር ይኖር የለም ወይ?» የሚለው ነው። የአገሩ ሰው የሚኖረው ከፊል የመከላከል አቅሙን በልጅነቱ በከፈለው ዋጋ ገዝቶ ነው፤ ሳይገዙት የቀሩትን ሕፃናት ማንም አይጠራቸውም። ደግሞም የእርሱ ያለ አጎበር መኖር ሊስተካከል የሚገባ ጉድለት እንጂ የምንከተለው ምሳሌ አይደለም።

ሦስተኛው መልስ «ነጭ ሽንኩርት እበላለሁ» ወይም «ቫይታሚን እወስዳለሁ» የሚል ነው። በጥርስ የሚበላ ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ቫይታሚን ቢ ትንኝን እንደማያባርር፣ በስልክ ወይም በትንሽ መሣሪያ የሚለቀቅ ረቂቅ ድምፅም ንክሻን እንደማይከላከል በተደረጉ ሙከራዎች ታይቷል። ይህን ስንል የአያቶቻችንን ልማድ ሁሉ ለማጣጣል አይደለም። የጥንጁትና የወይራ ጭስ ትንኝን ማራቁ መሠረት ያለው ልማድ ነው። ጉድለቱ ጥበቃው ጭሱ እስካለ ድረስ ብቻ መሆኑና ጭሱ ራሱ ለሳንባ የማይስማማ መሆኑ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት እንዶድ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ያስተዋሉት ከልማድ ተነሥተው ነው። ልማዱን ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዱት እንጂ በልማዱ ላይ ተኝተው አልቀሩም። ጥንጁትም እንዲህ ያለ ተመራማሪ ከመካከላችን ይጠብቃል።

አራተኛውና ከሁሉም የሚከብደው «ገንዘብ የለንም» የሚለው ነው። ይህን አንክድም። ቅባቱ በየፋርማሲው አይገኝም፤ ሲገኝም ለተማሪ ኪስ ይከብዳል። ነገር ግን ረጅም ሱሪና ካልሲ ቀድሞም በሻንጣችን አለ። አጎበር አንዴ ከተገዛ በአግባቡ ቢያዝ ለሦስት ዓመት ያህል ያገለግላል፤ ይህም ለአንድ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ቆይታ ብዙውን ይሸፍናል። በርሜል መክደንና ያቆረ ውሃ ማፋሰስ ጉልበት እንጂ ብር አይጠይቅም።

የምንጠይቀው

ሐሳባችንን በአጭሩ እናስቀምጥ። ከትንኝ ንክሻ መጠበቅ የግል ጥንቃቄ ብቻ ተደርጎ ለተማሪው መተው የለበትም ብለን እናምናለን። አንድ የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት በመንግሥት ምደባ ወደማያውቀው ቆላ ሲላክ፣ የላከው አካል ስለ አገሩ በሽታ ሊነግረው ይገባል። የምደባው ማስታወቂያ ምን ምን ሰነድ ይዞ እንደሚቀርብ ይዘረዝራል፤ በዚያው ወረቀት ላይ ስለ አጎበርና ስለ ትኩሳት ሦስት መስመር ቢጨመር ምን ይጎዳል?

ቆላማ አካባቢ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም የመኝታ ሕንፃዎቻቸውን በዚህ ዐይን ቢያዩ እንላለን። በተደራራቢ አልጋ ላይ አጎበር መስቀል እንዴት እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቀዋል። የላይኛው ተኚ ከጣሪያው፣ የታችኛው ከላይኛው አልጋ ሽቦ የሚያስረው ማንጠልጠያ ሕንፃው ሲሠራ ቢታሰብበት ጥቂት ሚስማር እንጂ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በሕንፃው ዙሪያ ያሉ የውሃ ማጠራቀሚያዎችን መክደንም እንዲሁ።

የሳይንስ ፋኩልቲዎች ደግሞ ከሁሉም በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። ለመስክ ጥናት ስንወጣ የኬሚካል ጠርሙስና የናሙና መያዣ ቆጥረን እንረከባለን። አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። መምህራን ለአጭር ጊዜ ወደ ብርቱ የወባ አካባቢ የሚወርዱ ተማሪዎች ከመነሣታቸው በፊት ሐኪም እንዲያነጋግሩ ያሳስቡ፤ እንደ ሁኔታው አስቀድሞ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላልና። ስንመለስም የመስክ ዘገባ ብቻ ሳይሆን የጤና ክትትል ይኑረን።

አንባቢዎቻችንን በተለይ የምንማጸነው አንድ ነገር ነው። ከቆላ ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንትም ሆነ በወራት ትኩሳት ቢይዛችሁ፣ ባትጠየቁም ተናገሩ። «ቆላ ነበርኩ፤ ደሜ ይታይ» የምትለዋ አጭር ዐረፍተ ነገር የብዙ ሰው ሕይወት ታድናለች። ጓደኛችን ሁለት ቀን ያጣው ይህችን ዐረፍተ ነገር ባለመናገሩ ነው።

አባቶቻችን ወባን ንዳድ ይሉት ነበር፤ ቆላም የንዳድ አገር ተብሎ ይፈራ ነበር። ቆላ ሳይወርዱ መኖርን እንደ መከላከያ የያዙ ብዙዎች ነበሩ። የእኛ ትውልድ ግን ቆላ ይወርዳል፤ ሊወርድም ይገባዋል። ይማርበታል፣ ይሠራበታል፣ ያጠናዋል። አገሩን መፍራት አይበጀንም፤ ሳይዘጋጁ መውረድም ጀግንነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897 ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር ተህዋሱን በትንኝ ሆድ ውስጥ ካየ ወዲህ ጠላታችን ማን እንደሆነች፣ መቼ እንደምትመጣና ምን እንደምትፈራ እናውቃለን። ማወቃችን ብቻውን አላዳነንም። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እንደሚባለው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሻንጣችሁን ስታዘጋጁ ከብርድ ልብሱ በላይ አጎበሩን አስቀምጡት። እኛም አሁን እንዲሁ እናደርጋለን።